ስለ ብርቱካናማው ጃኬት ለጋሼ የተጻፈ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? እትዬስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ? እኔ ከናፍቆትና ከቤት ኪራይ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በቴሌግራም ድምፄን ቀድቼ መላክ ስችል በወረቀት የጻፍኩልዎ በምክንያት ነው። ድምፅ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰው እንደየፍላጎቱ ይተረጉመዋል፤ ወረቀት ግን እርስዎ መነጽርዎን አድርገው እስኪያነቡት ድረስ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል። ባለፈው የላክሁት ፎቶ ግንደበረት፣ ካቺሲ ደርሶ ያደረሰውን ነገር ሰምቻለሁ። ብርቱካናማ ጃኬት ለብሼ ውሃ መካከል ተቀምጫለሁ። እትዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጎረቤት ተሰበሰበ አሉ። አንዱ «አሜሪካ ገብቷል ብለን ነበር፤ ለካ ገና ባሕር ላይ ነው» ሲል፣ ሌላው «የለም፣ አባረውት እየተመለሰ ነው» ብሎ አረመው አሉ። አልፈርድባቸውም። እኛ አገር ያን ጃኬት የለበሰ ወጣት የሚታየው በዜና ብቻ ነው፤ ዜናውም ደግ ሆኖ አያውቅም። እኔ ግን የወጣሁት በቦሌ ነው፤ ሻንጣዬን አስመዝኜ፣ ለተረፈው የበርበሬ ኪሎ ቅጣት ከፍዬ። ጃኬቱን የለበስኩት ለመዝናናት ነው። የባሰው ደግሞ፣ ጋሼ፣ ለዚህ ገንዘብ መክፈሌ ነው።

አሁን ቁጭ ብለው ይስሙኝ።

አብሮኝ የሚሠራ የነቀምቴ ልጅ አለ። እዚህ ከመጣ ቆየት ስላለ የሰዎቹን አመል ተምሯል። «ቅዳሜን ተኝተን ከምናሳልፍ ወንዝ ላይ ወጥተን ወፍ እንይ» አለኝ። ወፍ! ማሽላ ባሸተ ቁጥር ቆላ አውርደው፣ ማማ ላይ ሰቅለው፣ ወንጭፍ አስይዘው ወፍ ያስጠበቁኝ እርስዎ አይደሉ? እኔ ከወፍ ጋር የነበረኝ ሒሳብ ያኔ ተዘግቷል ብዬ ነበር። እዚህ ወፍ የሚያባርር ሰው ይከሰሳል፤ ወፍ የሚያይ ሰው ደግሞ ይከፍላል።

ወንዙ አናኮስቲያ ይባላል። የዋሽንግተን ወንዝ ሲባል ሁሉም ሰው ፖቶማክን ነው የሚያውቀው፤ ሐውልቱና ቤተ መንግሥቱ ያሉት በዚያ ወገን ነው። አናኮስቲያ በምሥራቅ በኩል፣ የጥቁሮችና የድሆች ሰፈር ሥር ሥር ሲሄድ የኖረ፣ ከተማው ቆሻሻውን ሲደፋበት የኖረ ወንዝ ነው። እኛ የገባነው ብላደንስበርግ ከሚባል ትንሽ ከተማ ነው። በ1814 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልኝ) እንግሊዞች የአሜሪካንን ጦር እዚያ ድል ነሥተው፣ በዚያው ማታ ዋሽንግተን ገብተው ዋይት ሐውስን አቃጠሉት። ይህን ሳነብ ልቤ ትንሽ ደስ አለው። ሸሽቶ የሚያውቅ ሕዝብ እኔን ብቻዬን አያደርገኝም።

ከመግባታችን በፊት ወረቀት አስፈረሙን። ጋሼ፣ ያን ወረቀት ቢያዩት! ብሰጥም፣ ብገለበጥ፣ ዛፍ ቢወድቅብኝ፣ ነፍሳት ቢነድፉኝ፣ መብረቅ ቢመታኝ ወድጄ ነው፤ ማንንም አልከስም፤ ወራሾቼም አይከሱም። እኛ ዘንድ ለአንድ ነፍስ ካሣ ሽማግሌ ስንት ጊዜ ይመላለሳል፤ ስንት ሰንጋ ይታረዳል! እዚህ ሟቹ ራሱ፣ ገና ሳይሞት፣ በራሱ እስክሪብቶ ገዳዩን ነጻ ያወጣል። ነቀምቴው ሳያነብ ፈረመ። እኔ ግን የእርስዎ ልጅ ስለሆንኩ ሁሉንም አነበብኩና ከዚያ ፈረምኩ።

ካያክ የሚሉት ነገር የፕላስቲክ ጀልባ ነው። ከብት የሚጠጣበትን የእንጨት ገንዳ ያስቡ፤ ሁለቱን ጫፍ አሹለው ቢጫ ቀለም ቢቀቡት እሱ ነው። ሞተር የለው፣ ሸራ የለው። እግርዎን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ሁለት ወገኑ ጠፍጣፋ የሆነ አንድ መቅዘፊያ ይዘው አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ውሃውን ይገፋሉ። ጣና ላይ ከደንገል የሚታሰረውን ታንኳ ያህል እንኳ ክብር የለውም። የጣናው ታንኳ ጤፍና ማገዶ ይጭናል፤ ይኼ የሚጭነው ከፋዩን ብቻ ነው።

አስጎብኚያችን ፀሐይ ያቀላት፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለች ወጣት ናት። የመጀመሪያ ትምህርቷ «ስትገለበጡ አትደንግጡ» የሚል ነበር። «ስትገለበጡ» ነው ያለችው፤ «ብትገለበጡ» አላለችም። እርስዎ ደግሞ ያስተማሩኝ «ወለሉ የማይታይህ ውሃ ውስጥ አትግባ» ብለው ነው። የአናኮስቲያ ወለል አይታይም፤ ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል። ነገር ግን ከፍያለሁ፤ ፈርሜያለሁ፤ የነቀምቴ ሰው ቆሞ እያየኝ ነው። የግንደበረት ስም እንዳይጠፋ ገባሁ።

አሁን የማይታመነውን ልንገርዎ። ይህ ወንዝ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስንገባ ወደ ታች ይወርድ ነበር፤ ዞረን ልንመለስ ስንል ወደ ላይ ይወጣል። አባይ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን፤ ይኼኛው ግን ጠዋት ይዞት የወረደውን ግንድ ከሰዓት በኋላ ወዳነሣበት ይመልሰዋል። ምክንያቱ ባሕሩ ነው። በጨረቃ ስበት ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሙላቱ በቼሳፒክ ባሕር ሰላጤና በፖቶማክ በኩል እስከ ብላደንስበርግ ድረስ ይወጣል። ከዚያ ጀምሮ እስከ ፖቶማክ ያለው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። አስጎብኚዎቹ የጉዞውን ሰዓት የሚቆርጡት የጨረቃን ሰሌዳ አይተው ነው። ባሕረ ሐሳብ ለሚያሰሉት መርጌታ ይንገሯቸውና ይደሰቱ።

አስጎብኚያችን ሌላም ነገር ነገረችን፤ ይኼኛው አላሳቀኝም። ብላደንስበርግ በ1700ዎቹ ከእንግሊዝ አገር ድረስ ትላልቅ መርከቦች የሚመጡበት ወደብ ነበር። ዛሬ ካያኬ እንኳ ጭቃ ይነካል። ገበሬው ጫካውን መንጥሮ ትምባሆ ሲዘራ፣ ዝናቡ አፈሩን እየጠረገ ወንዙ ውስጥ ከተተው፤ ወደቡ ተደፍኖ ቀረ። በትምባሆው ፈንታ ጤፍ ቢሉበት የእኛ ታሪክ ነው። ከግንደበረት ቁልቁለት በየክረምቱ ታጥቦ የሚወርደው ቀይ አፈር ስንት ዘመን ሱዳን ገብቶ የሮዛሪስን ግድብ ሲሞላ ኖሯል። ጉዳዩን ለአስጎብኚያችን ነገርኳት። «አስደሳች ነው» አለች። እዚህ ሁሉም ነገር አስደሳች ነው።

ወደ አውሬው ልግባ። መጀመሪያ ኤሊዎች፤ ወድቆ በተጋደመ ግንድ ላይ በቁመት ተሰልፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። አስጎብኚያችን መቅዘፊያዋን አንሥታ «ጸጥ!» አለች። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ኤሊዎቹ አዩን፣ አየናቸው፤ አንድ በአንድ ዘፍ ዘፍ ብለው ገቡ። በቃ። አብረውን የቀዘፉት ሰዎች ግን በሹክሹክታ ተደሰቱ። ቀጥሎ ረጅም እግር ያለው ሰማያዊ ግራጫ ወፍ ውሃው ዳር በአንድ እግሩ ቆሞ ዓሣ ይጠብቃል። እሱም ጸጥ፣ እኛም ጸጥ። ከዚያ ደግሞ ጉቶ! አዎ፣ ጉቶ። ቢቨር የሚባል፣ ጥርሱ መጥረቢያ የሆነ፣ ሌሊት የሚሠራ እንስሳ ቆርጦት የሄደ ዛፍ ነው። እንስሳው ተኝቷል፤ ጉቶውን አየን። ጋሼ፣ የእኛን አገር ጉቶ ለማየት እንዲህ ቢከፈል ኖሮ ምዕራብ ሸዋ በሀብት ዱባይን ታስከነዳ ነበር። ይህ ቢቨር ዛፉን ቆርጦ በጭቃ እየለሰነ ወንዝ ይገድባል፤ ሐይቅ ይሠራል፤ በሐይቁ መካከል ቤቱን ይቀልሳል። መሐንዲስ አልቀጠረ፣ ቦንድ አልሸጠ። ግብፅም እስካሁን አቤቱታ አላቀረበችበትም።

ትልቁ ነገር ግን ንስሩ ነው። ራሱ ነጭ፣ አካሉ ጥቁር ቡናማ፣ በገንዘባቸው ላይ የሚሥሉት እሱ ነው። ከበላያችን ሲያልፍ አንዲት ሴትዮ አለቀሰች፤ እውነቴን ነው። እንዲህ የሆነችው ያለ ነገር አይደለም። ንስሩ ከዚህ ወንዝ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ነበር። ያጠፋው ዲዲቲ ነው፤ ለወባ ብለው ቆላ ያለውን ቤታችንን ግድግዳ ይረጩት የነበረው። እዚህ በማሳ ላይ ሲረጩት ወንዝ ገባ፤ ከወንዝ ዓሣ ውስጥ፣ ከዓሣ ንስር ውስጥ። የእንቁላሉን ቅርፊት ያሳሳዋል፤ እናቲቱ ልትታቀፈው ስትቀመጥ ይሰበራል። በ1972 ተከለከለ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ጫጩት ከሌላ ቦታ አምጥተው እዚህ አሳደጉ። በ2014 ጥንድ ንስሮች ወንዙ ዳር ባለው ብሔራዊ የዕፅዋት ማቆያ ውስጥ ጎጆ ሠሩ። አንዱ «ፕሬዚዳንቱ»፣ ሌላዋ «ቀዳማዊት እመቤት» ተብለው ተሰየሙ። ካሜራ ተተክሎላቸው አገር ሁሉ ሌት ተቀን ጓዳቸውን ያይ ነበር። ሲበሉ፣ ሲጣሉ፣ ሲታቀፉ። ሥልጣን እንዲህ ነው።

ውሃው ሲሞላ በአንድ ጠባብ ቦይ ወደ ጨፌው ገባን። ከዚያ ዳር ኬኒልወርዝ የሚባል የውሃ አበባ አትክልት ቦታ አለ፤ ይህን እትዬ ብታይልኝ እንዴት በወደድኩ። ዋልተር ሾው የሚባል ሰው፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው አንድ እጁን አጥቶ በመንግሥት ግምጃ ቤት ጸሐፊ የሆነ፣ የትውልድ አገሩ ሜይን ኩሬ ላይ ያለው አበባ ናፈቀውና በ1880ዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ሥር አስመጥቶ ተከለ። ናፍቆቱ እየበዛ ንግድ ሆነ፤ ልጁ ሄለን ፋውለር አስፋፋችው፤ በ1938 የፌደራል መንግሥት ገዛው። እኛም እኮ በረንዳ ላይ ጤናዳም በቆርቆሮ ተክለናል፤ የሚገዛን መንግሥት አጣን እንጂ። ሐምሌ ላይ ሎተሱ ሲፈነዳ የአበባው ስፋት ከሰው ፊት ይበልጣል።

በጨፌው ውስጥ ያለው የዱር ሩዝ ግን በአጥር የተከበበ ነው። ለምን ብል፣ አስጎብኚያችን ከዝይ ለመጠበቅ ነው አለች። ይኼን ጊዜ ተነቃቃሁ፤ ይህ የማውቀው ጉዳይ ነው! ማማው የት ነው? ወንጭፍስ? ወንጭፍ የለም። ዝዪቱ መንግሥት አላት፤ ሕግ አላት። ዘመዶቿ ወቅት ጠብቀው ወደ ሰሜን አገራቸው ይመለሳሉ፤ እነዚህ ግን አይመለሱም፤ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ እየበሉ፣ እየወለዱ፣ የአገሩን ሰብል እየጨረሱ ይኖራሉ፤ የአገሬው ሰው ተማርሯል፤ ግን ማስወጣት አልቻለም አለችን። እኔና ነቀምቴው ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ቀስ ብለን ወደ ፊት ቀዘፍን።

የወንዙን ውሃ ጠጡ ብንባል አንጠጣውም፤ እንኳን መጠጣት መዋኘትም በከተማው ሕግ ከ1971 ጀምሮ ተከልክሎ ነው የኖረው። የከተማው አሮጌ ቱቦ ዝናብ በመጣ ቁጥር ፍሳሹን ከጎርፉ ጋር ወንዙ ላይ ይለቅ ነበር። አሁን ከመሬት በታች ባቡር የሚያሳልፍ የሚያክል ዋሻ ቆፍረውለታል፤ አንዱ በ2018፣ ሌላው በ2023 ሥራ ጀመረ። ለፌስታልም ከ2010 ጀምሮ አምስት ሳንቲም ያስከፍላሉ፤ ከገንዘቡ ከፊሉ ለወንዙ ማጽጃ ይውላል። የአበሻ ሱቅ ስገባ አምስት ሳንቲሟን ላለመክፈል የአምቦ ውሃውን በብብቴ ይዤ ነው የምወጣው።

ለምሳ አሸዋ ላይ ስናርፍ አስጎብኚያችን «ከየት ነህ?» አለችኝ። ኢትዮጵያ፣ አልኩ። ከኢትዮጵያ የት? እዚህ አገር ካቺሲን ማስረዳት ያደክማል፤ «ከአባይ ገደል አፋፍ» ብዬ አሳጠርኩት። ልጅቱ ዳቦዋን ጣለች። ካያክ ቀዛፊዎች ዘንድ አባይ ማለት፣ ጋሼ፣ ለወታደር አድዋ ማለት ነው። ታሪኩን ሁሉ ታውቀዋለች። በ1968፣ በእኛ 1960 ክረምት፣ ጃንሆይ ፈቅደው ብላሽፎርድ-ስኔል የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ጦር አስከትሎ አባይን ሲወርድ፣ አንድ ወታደር ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጠመ፤ ሽፍታም ተኮሰባቸው። በ1972 ማይክ ጆንስ የሚባል ወጣት በካያክ ወረደው። በ2004 ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን (ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው አይደለም፣ ሌላ ነው) ከምንጩ ተነሥተው በ114 ቀን ሜዲትራኒያን ባሕር ገቡ።

«አንተስ የት ድረስ ቀዝፈኸዋል?» አለችኝ።

ምን ልበላት? እኛ ዘንድ አባይን በጀልባ የሚወርድ ሰው ወይ ፈረንጅ ነው፣ ወይ ወንጀል ሠርቷል። ጎጃም ያለውን ዘመዱን ለመጠየቅ የሚሻገርም የተነፋ አቁማዳ ታቅፎ፣ ስለት ተስሎ ነው። አዞው ደግሞ ማንንም ወረቀት አያስፈርምም። «እኛ አባይን የምናየው ከላይ ነው» አልኳት። ይህን እንደ ታላቅ የመንፈስ ትምህርት ወስዳ ራሷን ነቀነቀች።

ይኼኔ ነው ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ የተነሡት። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ አንገታቸው ላይ መነጽር፣ እጃቸው ላይ በሕይወታቸው ያዩትን ወፍ ሁሉ የመዘገቡበት ደብተር። ቀኑን ሙሉ ቃል አልተነፈሱም ነበር። «በርጋ!» አሉኝ። በርጋ? «አዲስ ዓለም አጠገብ ያለው የበርጋ ረግረግ!»

ጋሼ፣ የማውቀውን መንገድ ነው የሚያወሩኝ። ከጊንጪ ወደ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር በዚያ በኩል አልፍ ነበር፤ ከአዲስ ዓለም እስከ ሆለታ ያለውን ደግሞ ሁልጊዜ በእንቅልፍ ነበር የምጨርሰው። ለካ በስተቀኝና በስተግራዬ ዓለም የሚፈልጋት ወፍ አለች። ጫጩት የምታክል፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ ቀኑን ሣር ውስጥ ተደብቃ የምትውል፣ መብረር የማትወድ። በዓለም ላይ የቀሩት ከ250 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። በክረምቱ ዝናብ ጊዜ እዚያ ጨፌ ላይ እንደምትራባ በ1997 ታወቀ፤ እስከ 2018 ድረስ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ ስትራባ በማስረጃ አልታየችም፤ በዚያ ዓመት ደቡብ አፍሪካ ላይ ስትራባ ታየች። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከበርጋ ገበሬዎች ጋር ሆኖ ሲጠብቃት ኖሯል፤ ሣሩ በመውለጃዋ ወራት በከብት እንዳይጋጥ ነው ጭንቁ ሁሉ። ሽማግሌው ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩኝ፤ ለእሷ የተተወ ባዶ መስመር አለ።

«አይተሃታል?» ሲሉኝ ሰዎቹ ሁሉ ዳቦ ማኘክ አቆሙ። እኔም እንደ አገር ሽማግሌ ጢሜን ዳበስ አድርጌ «እሷ ለሁሉ አትታይም» አልኩ። ከዚያ በኋላ ካያኬን የተሸከሙልኝ እነሱ ናቸው።

እንግዲህ አደራዬ ይኼ ነው። ሽማግሌው ቲኬት ቆርጠዋል፤ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ይገባሉ። ጊንጪ ድረስ ወርደው ይቀበሉልኝ። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይነኩም፤ እትዬ ይህን ሰምታ እንዳትሸበር፣ ፍልሰታ ስለሆነ ከአገሩ ሁሉ ጋር ይጾማሉ፤ ማንም ለምን አይላቸውም። ከበርጋ ሰዎች ጋር ያገናኟቸውና ይተዋቸው፤ ጭቃ ውስጥ ገብተው ሳይናገሩ ግማሽ ቀን ይቆማሉ። ጠንቋይ ነው ብለው ልጆቹ እንዳያስወሩ። ወፏ ካልታየች ገንዘቤን መልሱ አይሉም፤ የዚህ ሰው ዘር ባላየው ነገርም ይረካል። ለተራመዱበት ሣር፣ ላሳዩአቸው ልጆች ደህና አድርገው ይከፍላሉ፤ ዋጋውን እርስዎ ይቁረጡላቸው፣ ልጆቹ ራሳቸው ከቆረጡት የሚቀጥለው ፈረንጅ አይመጣም።

አንድ ችግር ብቻ አለ። የሚታጠፍ ካያክ አላቸው፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ከወፏ በኋላ ግንደበረት ወጥቼ አባይን ልሞክር ይላሉ፤ በነሐሴ! ሙላቱንና አዞውን ብነግራቸው ዓይናቸው በራ፤ «አስደሳች ነው» አሉ። እርስዎ ገደሉ አፋፍ ላይ አቁመው፣ ድምፁን አሰምተው በሽምግልና ቢመክሯቸው ይሻላል። አልሰማም ካሉ ወረቀት ያስፈርሟቸው፤ ምስክሩ ከወዲያ ማዶ ያልሆነ ሰው ይሁን።

ለእትዬ፣ ለመርጌታ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

የወንድምዎ ልጅ